ፋይሌ፣ እንዴት ከረምሽ?

ቢሮዎቻችንን «ዘገዩ» እያለ የሚያማ ሰው አማርኛ የማያውቅ ሰው ነው። ዘገየ! ይህን ሁሉ ሀብት ትቶ አንድ ደረቅ ግሥ ይዞ ይመጣል። ቋንቋችን እኮ ለጊዜ ሰስቶ አያውቅም፦ ቀኑን ላሳለፈ ዋለ፣ ምሽቱን አመሸ፣ ሌሊቱን አደረ፣ ቀናትን ሰነበተ፣ በጋውን ባጀ፣ ክረምቱን ከረመ። አባቶቻችን ይህን ያወረሱን ለሰላምታ ብቻ ይመስልሃል? ለፋይል ጭምር ነው።

የእኔ የአጥር ማመልከቻ ምስክር ናት። ደሴ ውስጥ ስሙን ከማልጠራው ቢሮ በጥቅምት ገብታ ዋለች፣ አመሸች። «በይደር ትቆይ» ተባለችና አደረች። ፈራሚው ስብሰባ ገቡና ሰነበተች። «ሲስተም የለም» ተባለና ባጀች። አሁን ሐምሌ ነው፤ እየከረመች ነው። አንድ ግሥ እንኳ አልዘለሉባትም። እንዲህ ያለ የሰዋስው ጥንቃቄ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አላየሁም። በመስኮቱ አጮልቄ «እንዴት አደርሽ» ማለት የጀመርኩላት ሴትዮ፣ ይቅርታ፣ ፋይል፣ ዛሬ «እንዴት ከረምሽ» ላይ ደርሳለች።

«መጣሁ» ደግሞ ለብቻው ሐውልት ይገባዋል። ማኅተም ያዡ ከወንበራቸው ተነስተው በበሩ እየወጡ «መጣሁ!» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ገና ሳይሄዱ መጥተዋል። ደግሞስ ማን ሄዱ አለ? ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ እያስተናገደ ነው። ባለቤቱ ቡና ላይ ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ አቦል ቀምሶ፣ ቶናን ረግጦ፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ነውረኛ ነው። ለአንድ ፊርማ ብለው በረካ ይለፋቸው?

«ከበዓሉ በኋላ» የሚለውም እኛ ጋ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። ሙስሊምና ክርስቲያኑ ተጋብቶ ተዋልዶ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ማንም የማንንም በዓል አይንቅም፦ ጸሐፊዋ ሙስሊም ብትሆንም ከፋሲካ በፊት መዝገብ አትከፍትም፤ ኃላፊው ክርስቲያን ቢሆኑም አረፋ ሲቃረብ እጃቸው ለፊርማ አይታዘዝም። በዚያ ላይ የሂጅራው ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ኢዱ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፤ ሰበቡም አብሮ ይታደሳል። ሁለቱም ሲያልቁ ጳጉሜ አለች። ጎረቤቴን ለጳጉሜ 6 ቀጠሩትና ቁርጥ ያለ ቀን አገኘሁ ብሎ እየመረቃቸው ወጣ። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ አለመሆኑን፣ ጳጉሜም በ5 እንደምታበቃ ያስታወሰችው ሚስቱ ናት።

በነገራችን ላይ ግሥ ምን እንደሚያደርግ ወሎ ድሮም ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጣጣው በ1888 አድዋ ላይ ነው የተቋጨው። የዛሬ ሰዎቻችን ያን ጊዜ ቢኖሩ ይህ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ! የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ረቂቁን ይዞ ሲመጣ «መዝገብ ቤቷ ወጥታለች፣ ከሰዓት ብቅ ይበሉ» ይሉት ነበር። ከሰዓት ሲመጣ ኮቱን ያገኘዋል። ሲመላለስ አርጅቶ አገሩ ይገባ ነበር። እነሱ ጋ «ይቻላል» ግዴታ ሆኖ አያውቅም፤ ይቻላል ማለት ይቻላል ነው፣ ዛሬ ግን አይደለም።

የሁሉም አውራ ግን «አብሽር» ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ምሥራች፣ ደስ ይበልህ ማለት ነው። የታመመ ጠይቀን «አብሽር» እንላለን፤ ያዘነ ስናጽናና እንዲሁ። አሁን መስኮት ላይ ወጥቶ ተቀጥሯል። «እምቢ» ያለህን ሰው ትከሰዋለህ፤ «አብሽር የኔ ጌታ» ያለህን ምን ታደርገዋለህ? አመስግነህ ትወጣለህ። እኔ በዘጠኝ ወር ውስጥ ክፉ ቃል ያልሰማሁት፣ አጥርም ያላጠርኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። የጣሪያ ማደሻ ፈቃድ ከጠየቁ ቆይተዋል። ውጭ ዶፉ ይወርዳል፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣

«አብሽሪ እማማ» አላቸው።

«እኔስ አብሽሬያለሁ ልጄ፤ ጣሪያው ነው እምቢ ያለው። ያፈሳል።»

ልጁ ከልቡ አዘነላቸው፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ፋይሉን አገላብጦ፣ በመስኮቱ ዝናቡን አይቶ፣

«ታዲያ እማማ፣ በዚህ ዝናብ ምኑ ይታደሳል? ክረምቱ ይውጣና ብቅ ይበሉ» አላቸው።

«ጀዛከላህ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና ወጡ። ተራው የእኔ ሆነ። ልጁ ተነስቶ ኮቱን ወንበሩ ላይ እየሰቀለ ነበር።

«መጣሁ» አለኝ።