ጤና አዳምና የእኔ ስም

ስለ ቡና ስም የጻፉ አንድ ጸሐፊ የእንግሊዝኛው «ኮፊ» (ቡና) እና የአገራችን የ«ከፋ» ስም የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ትርጉም አንፈልግበት ብለዋል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። የቋንቋ ሰዎች ቃሉን ወደ ዐረብኛው «ቀህዋ» ይመልሱታል፤ እሱም ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር። ከፋዎች ራሳቸው ቡናን የሚጠሩት «ቡኖ» ብለው ነው።

ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። እኔ ስሜ አዳም ነው፣ ያደግኩትም ጅማ። አያቴ ጓሮ ውስጥ ጤና አዳም ነበራት። ሆዴን ሲቆርጠኝ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ እያስሸተተችኝ «የስምህ መድኃኒት ነው፣ ላንተማ እጥፍ ይሠራል» ትለኝ ነበር። (ለነፍሰ ጡር ግን በጭራሽ አትሰጥም።) አቦሉ ሲቀዳም መጀመሪያ የጤና አዳም ዘለላ የሚገባው እኔ ሲኒ ውስጥ ነበር። አባቴ ስሜን ሲያወጣ ቅጠሉን አላሰበም። ቢሆንም ከዕፅዋት ሁሉ አስቀድሜ ያወቅኩት እሱን ነው፤ ዛሬም ግቢዬ ውስጥ አለ።

ደግሞስ ስም መቼ ሁሌ እውነቱን ይነግረናል? ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቡናን «አረቢካ»፣ ማለትም «የዐረብ»፣ አለው፤ የዱር ቡናው ግን ዛሬም እዚሁ እኛ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።