አዲስ ትመስላለች

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቤጂንግ ፓንጂያዩዋን ገበያ ብቅ ብትሉ፣ የእጅ ባትሪ አብርተው መሬት ለመሬት የሚያቀረቅሩ ጎልማሶች ታያላችሁ። የጠፋ ቁልፍ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። መሃሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ አሮጌ ሳንቲም እያማረጡ ነው።

የሰብሳቢ ልብ ክፉኛ የሚሸፍተው በምዕራብ ቻይና ባለችው በሺንጃንግ ቀይ ሳንቲም ነው። ቻይናን ይገዛ የነበረው የማንቹዎቹ የቺንግ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1759 አገሩን ከያዘ በኋላ፣ መጀመሪያ በያርካንድ ከተማ ቀጥሎም በአክሱ ሳንቲም ማቅለጥ ጀመረ። መዳቡ ከሌላ ብረት ጋር ብዙም ስላልተደባለቀ ቀላ። ፊቱ ላይ የንጉሡ የቺያንሎንግ ስም በቻይንኛ አለ። ጀርባው ላይ የከተማው ስም በግራ በገዢዎቹ በማንቹ፣ በቀኝ የአገሬው ሰው በሚጽፍበት በአረብ ፊደል ተጽፏል። ሹሙም ነጋዴውም እንዳይቀየም ነው መሰለኝ። የዛሬው ሳንቲም ሸማች ብዙ ጊዜ ማንቹውንም አረቡንም አያነብም። የትኛዋ ጭረት አጠር፣ የትኛዋ ረዘም እንዳለች ግን በእንቅልፍ ልቡ ይነግራችኋል።

ጉዱ ዕድሜው ላይ ነው። ቺያንሎንግ በ1799 ሞተ። ልጁ ጂያቺንግ ግን በሺንጃንግ ከሚቀልጠው ሳንቲም 20 በመቶው የአባቱን ስም ይያዝ ብሎ አዘዘ። የሟቹ ስም በ1875 በነገሠው በንጉሥ ጓንግሹ ዘመን እንኳ ይታተም ነበር። ስለዚህ ሳንቲሙ እንደ ኳስ ተጫዋች ፓስፖርት ነው፤ የተጻፈው ሌላ፣ የተወለደበት ሌላ። ያውም በንጉሥ ትእዛዝ!

የዛሬው አስመሳይ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ይሠራል። ትናንት የቀለጠውን አሲድ ያስነካዋል፣ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፣ አረንጓዴ ዝገት አስይዞ ያወጣዋል። ከሱ ይልቅ የሚገርመኝ የሰብሳቢዎቹ ይሉኝታ ነው። አንዱ አዲሱን ግዢውን ሊያሳይ ጓደኞቹን ሻይ ይጠራል። ሳንቲሟ በጨርቅ ተጠቅልላ ትመጣለች። አጉሊ መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጸጥታ። «ሐሰተኛ ናት» ብሎ የሚደፍር የለም። ነውር ነው። አንዱ «ቀለሟ ደስ ይላል» ይላል። ሌላው «እኔ ዓይኔ ደክሟል» ብሎ ሻዩን ያነሳል። ባለቤቱ ፊቱ እያበራ ዋጋውን ይናገራል። ሁሉም «አይ፣ በርካሽ አግኝተሃል!» ይላሉ።

ሊፍቱ ሲዘጋ ግን አንደበት ይከፈታል።

«አዲስ ትመስላለች» ይላል አንዱ። በነሱ ወግ የመጨረሻው ስድብ ነው።

«አሲዱ ገና አልደረቀም እኮ!»

«ጨርሶ ዕውር ነው እንዴ? ሕፃን የማይሸወድባትን!»

ይስቃሉ። ጥግ የቆመው ሰውዬ ብቻ አይስቅም። ከዚያው ሻጭ ሦስት ገዝቷል።