ተቋሙን የሚከሰው ራሱ መጽሐፉ ነው

«በፈጣሪ አምናለሁ፤ ከሃይማኖት ተቋም ጋር ግን ጉዳይ የለኝም» የሚል ሰው በየቦታው ያጋጥማል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት ሁለት ነገር ይነግራችኋል። ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ የሚሰብኩት ሰዎች ደግሞ አይኖሩበትም። በሁለተኛው ብዙም አልከራከረውም። የመጀመሪያው ግን ትንሽ ይፈተሽ።

መመሳሰሉስ እውነት ነው። የቻይናው ፈላስፋ ኮንፊሺየስ በራስህ እንዲደረግብህ የማትፈልገውን በሌላው ላይ አታድርግ ብሏል። ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው አለ። ነቢዩ ሙሐመድ ደግሞ ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስካልወደደ ድረስ የማንም እምነት ሙሉ እንዳልሆነ መናገራቸውን የነቢዩን ንግግሮች የሰበሰቡት ሊቃውንት ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም አስፍረውታል። በ1993 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ሲካሄድ፣ የሥነ መለኮት ምሁሩ ሃንስ ኩንግ ባረቀቁት የጋራ ሥነ ምግባር መግለጫ ላይ የብዙ እምነቶች መሪዎች ፈርመዋል።

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቀሰው ግን አይሁዳዊው መምህር ሂሌል ነው። የአይሁድ መምህራን ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ እንደሚተርከው፣ አንድ ሰው መጥቶ «በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ ሕጉን በሙሉ አስተምረኝ» አለው። ሂሌልም አንተ የምትጠላውን በባልንጀራህ ላይ አታድርግ፤ ሕጉ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው አለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሂሌል ግን አላቆመም። «ሂድና ተማር» ብሎ ጨመረ። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ወዳጃችን ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አይወዳትም፤ ሥራው ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

ምክንያቱም ሰዎች የተጣሉት «ወርቃማው ሕግ» በሚባለው በዚህ የጋራ ትምህርት አይደለም። «ባልንጀራዬ ማነው?» በሚለው ነው። በ1807 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ በካሪቢያን የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ለነበሩ ባሮች ተብሎ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በክርስቶስ ባሪያና ነፃ ሰው የለም ብሎ የጻፈውም የለም። ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚለው ግን እንዳለ ታትሟል። እስቲ አስቡት። መጽሐፉ እንዳለ ለጌቶቹ የሚመች ቢሆን ኖሮ መቀሱ ለምን አስፈለገ? ሳይቆረጥ የቀረው ጥቅስም ከዚያው መጽሐፍ መሆኑ መሸፈን የለበትም። ሁለቱም እዚያው አሉ። የትኛው ለማን ይነበብ የሚለውን የወሰነው ግን ሥልጣን ያለው ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው። በሃይማኖት ተቋም ላይ የተሰነዘረው ጠንካራ ትችት ከከሓዲዎች አልመጣም፤ ከመጽሐፉ ገጾች ነው። እረኛው ነቢይ አሞጽ በዓላችሁን ጠልቻለሁ፣ የዝማሬያችሁን ጩኸት አርቁልኝ፣ ፍርድ ግን እንደ ውኃ ይፍሰስ የሚል ቃል ይዞ መጣ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ሠራተኛውን እያስጨነቀ የሚጾመውን ሰው ጾምህ ከንቱ ነው ይለዋል። ኢየሱስ ረጅም ጸሎት እያደረጉ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ሲናገር ቃሉን አላለዘበም። በቁርኣን 107ኛው ሱራ አል-ማዑን፣ የቲሙን፣ ማለትም ወላጅ አልባውን፣ ለሚገፋ፣ ለታይታ ለሚሰግድና ትንሿን እርዳታ ለሚከለክል ወዮለት ይላል። ሁሉም የተናገሩት ለሚጾመው፣ ለሚዘምረውና ለሚሰግደው ሰው ነው። ጸሎት ቤት ደርሶ ለማያውቀው አይደለም።

ታዲያ አንድ ምእመን ስለ ገንዘቡ አያያዝ ወይም ተሸፋፍኖ ስለቀረ በደል ሲጠይቅ «ሰው አትይ፤ ፈጣሪን እይ» ተብሎ ዝም ማሰኘቱ ከየት የመጣ ትምህርት ነው? ነቢያቱ ሰውን አይተዋል። በደንብ ነው ያዩት!

ተጠራጣሪውም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም። የሚጠቅሰውን አሞጽንም ቁርኣንንም ማን አቆየለት? መነኮሳት በእጃቸው ገልብጠው፣ ሐፊዞች ቁርኣኑን በቃላቸው ይዘው፣ ረቢዎች ትውልድ ለትውልድ አስተምረው ነው። መጽሐፉ ያለ ተቋም እዚህ አይደርስም ነበር። ደግሞም ብቻውን የሚያምን ሰው አንድ ትልቅ ምቾት አለው። «የት ነበርክ? ምን ሰጠህ? ለምን ዋሸህ?» የሚለው የለም። የራሱ ነቢይም፣ የራሱ ጉባኤም፣ የራሱ ኦዲተርም እሱ ራሱ ነው። ይኼ ብዙም የሚያዛልቅ አይመስለኝም።

ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መጨረሻ ላይ የሚሻለውን መንገድ አሳይቷል። የባሪያ አሳዳሪዎቹን ክርስትና አጥብቆ ኮነነ። የክርስቶስን ክርስትና ግን እወዳለሁ አለ። መጽሐፉን ለገራፊዎቹ ትቶላቸው አልሄደም፤ በእነሱ ላይ አነበበባቸው።

የቤቴል ካህን አሜስያስ አሞጽን ሲያባርረው ያለውንም ማየት ጥሩ ነው። ተሳስተሃል አላለውም። ድሆች አልተበደሉም ብሎም አልተከራከረም። ወደ ይሁዳ ሂድ፣ እንጀራህን እዚያ ብላ፣ ቤቴል የንጉሥ መቅደስ ነውና እዚህ ትንቢት አትናገር ነው ያለው። ያ እረኛ ያነሳው ክስ እስካሁን በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ በዚያው በተቋሙ መድረክ ላይም ይነበባል።