ባለ 4 ቴራው ጎረቤቴ

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። ወቀሳማ ሁሌም አለ። እኔ የምኮራበት ሸማች አለኝ። ጅማ መርካቶ፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ከጣሪያ እስከ ወለል በተንጠለጠለበት ሱቅ ውስጥ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ ተክሎ «ከዚህ የሚበልጥ ጊጋ የለም?» የሚለው ሰው ነው። ኤስኤስዲ የሚባለውን የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ እየገዛ ነው። አትረብሹት።

ከነዚህ ጀግኖች አንዱ ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸው ይቅር። ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ሲበራ ቡና መቁላት ይጀመራል፤ ተከፍቶ ሲያበቃ አቦሉ ይቀዳል። ሁለቱ እኩል ስለሚደርሱ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር። አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ብቅ አለና «ጋሼ፣ ኤስኤስዲ ይግባለት፤ እንደ ወፍ ይበራል» አላቸው።

ልጁ አልዋሸም። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ላዩ ላይ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ አገር ምድሩን የሞላ ትናንሽ ፋይል ይፈልጋል፤ ያ ክንድ ለእያንዳንዷ ይሮጣል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሮጥ ነገር የለም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተራውን ባለ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው የቆየ መሰኪያ የሚገባውን ኤስኤስዲ ብታስገቡለት እንኳ ቡናው ሳይታጠብ ይከፈታል።

ጋሼ ይህን ሰምተው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ወደ ሱቁ ሳንገባ ግን ጋሼ ቡና ሲገዙ ማየት አለባችሁ። ሐሙስ ገበያ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ነጋዴዋ ከላይ ዘግና ስታሳያቸው አያዩትም። እጅጌያቸውን ይሰበስቡና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይሰዳሉ። ከሥር ያወጡትን መዳፋቸው ላይ ይበትናሉ። እፍ ይሉታል። ጥቁሩን ይለቅማሉ፤ የተነቀዘውን ለነጋዴዋ ያሳያሉ። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ነከስ አድርገው ድምጿን ያዳምጣሉ። ካልተንኳኳች እርጥበት አላት። ከዚያ ያሸታሉ፤ ሻጋታ እንደሆነ፣ ጆንያ ጆንያ እንደሚል ይለያሉ። ይህ ሁሉ አልፎ ሲመዘን ደግሞ «ምራቂስ?» ይላሉ። ለ2 ኪሎ ቡና ግማሽ ሰዓት! ቆሜ እግሬ ዝሏል።

እኚሁ ሰው ኤስኤስዲ ሲገዙ እንዲህ ሆነ፦

«ስንት ጊጋ ናት?»

«500፣ ጋሼ።»

«ኦርጅናል ናት?»

«ኦርጅናል ናት።»

ምርመራው አለቀ። የጥያቄውን ብልሃት ግን አድንቁልኝ። ሻጩን ራሱን መጠየቅ! «አይ ጋሼ፣ ይቺስ ተለጣፊዋ ብቻ ነው ኦርጅናል» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ እስኪገኝ ድረስ እስከ ሚዛን ተፈሪ ይኬዳል እንዴ? አይኬድም። ጠይቀዋል፤ ተመልሶላቸዋል። ኃላፊነታቸውን ተወጥተዋል።

የሚያሳዝነው ሻጩ ሐቀኛ መሆኑ ነው። ዲስኳ እውነትም ኦርጅናል ነበረች። የታወቀ ስም ያላት፣ ካርቶኗ ያልተከፈተ፣ ዋስትና ያላት። ልጁ ሰክቶ ሲያሳያቸው ግን ስክሪኑ ላይ 465 ጊጋ ይላል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠቡት። መልሰው አጠለቁ። አሁንም 465 ነው።

«35 ጊጋዬን ማን ወሰዳት?»

ማንም አልወሰዳትም። ፋብሪካው አንድ ጊጋ ሲል በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። ያው ዕቃ ነው፤ ቁናው ነው የተለያየው። የማንኛውም ኩባንያ 500 ጊጋ 465፣ 1 ቴራውም፣ ማለትም 1000 ጊጋው፣ 931 ጊጋ ሆኖ ነው ዊንዶውስ ላይ የሚታየው። ይህን በእርጋታ አስረዳኋቸው። በእርጋታ ሰሙኝ። ከዚያም «ቡናም እንዲህ ነው የሚሰርቁት፤ ቁናውን አጥብበው» አሉኝ። ዲስኳን ይዘው ሄደው፣ ሱቁ በር ላይ ሕዝብ ሰብስበው፣ ገንዘባቸውን አስመለሱ።

በነገራችን ላይ ያ ሻጭ የሚሸጠውን ዲስክ ሰክቶ፣ ፈትኖ፣ ውጤቱን አሳይቶ ነው የሚሰጠው። ያገለገለ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሠራ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶ ያሳያል። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል። ሱቁም ከዚህ የተነሳ በጣም ጸጥ ያለ ነው። ማንበብ ለሚወድ ሰው ይመቻል።

ጋሼ ቀጥለው የሄዱበት ሱቅ ግን ግፊያ ነው። እዚያ ነው 4 ቴራዋን ያገኟት። በዩኤስቢ የምትሰካ፣ መዳፍ የማትሞላ፣ የምታብረቀርቅ። ዋጋዋ ከመለሷት 500 ጊጋ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ተራ ሰው ቢሆን «እንዴት?» ይላል። ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ዕቃ እንዴት ባነሰ ዋጋ ይሸጣል ብሎ ይጨነቃል። ጀግና አይጨነቅም። ጋሼ ቀን የወጣላቸው ሰው መሆናቸውን አመኑ። ለመሆኑ ከቤት የወጡት ኮምፒውተሩን ለማፍጠን አልነበረም? ረስተውታል። 4 ቴራ ያየ ሰው ሌላ ነገር ትዝ አይለውም።

መዳፋቸው ላይም መዘኗት። «ከባድ ናት፤ ዕቃ አላት» አሉ። ይህችኛዋን ፍተሻ በተለይ አደንቃለሁ። ምክንያቱም ደህናው ኤስኤስዲ ቀላል ነው። ባለ 2.5 ኢንቹን ብትፈቱት ግማሽ ቤቱ ባዶ ነው፤ ሰሌዳዋ ትንሽ ናት፤ ጥፋትም አይደለም። አስመስሎ የሚሠራው ሰው ግን ደንበኛውን ያውቃል። ክብደት ለሚወድ ገዢ ብረት ጨምሮለታል።

ቤት ገብተው ሰኩ። ስክሪኑ ላይ ድፍን 4 ቴራ! አንዲት ጊጋ አልጎደለችም። «አየህ? ይሄ ነው ሐቀኛ» አሉኝ። ምን ልበል። አስመስሎ የተሠራ ዲስክ ቁጥሩን ከአየር ላይ ስለሚያመጣው፣ ማጉደል ምን ያስፈልገዋል? 4 በል ካላችሁት 4 ይላል። 16 በል ካላችሁትም ይላል።

እንዲህ ሆኖ ዋጋውን ያገኘው ጋሼ ብቻ አይደሉም። በ2023 እ.ኤ.አ. «ሳምሰንግ 1080 ፕሮ» የሚል ባለ 4 ቴራ ኤስኤስዲ ኢንተርኔት ላይ ይቸበቸብ ነበር። ኩባንያው 980 ፕሮ እና 990 ፕሮ ሠርቷል። 1080 ፕሮን አልሠራም። ገዢው ግን ፋብሪካውን አልጠበቀም፤ ቀድሞት ሄደ።

ወጣቶቹንም ሳላነሳ ብቀር ያኮርፋሉ። የእነሱ ጀግንነት ፍጥነት ላይ ነው። አንዱ «በሰከንድ 7000 ሜጋባይት» የሚል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑንና ቀጭኑን ኤስኤስዲ ገዝቶ መጣ። እውነተኛ ዕቃ ነው፤ ሸጋ ነው። የሱ ላፕቶፕ ግን ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ፣ ሳታ ብቻ የሚያውቅ፣ ያቺ ቀጭን ዲስክ የምትገባበት ቀዳዳ ጭራሽ የሌለው ነው። ተስፋ አልቆረጠም። በዩኤስቢ የሚሰካ ቤት ገዛላት። የላፕቶፑ ዩኤስቢ ደግሞ አሮጌው ባለ 2.0። 7000ው 40 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። አሁን ዋናው ሃርድ ዲስኩ ፊልሙን ከሷ በላይ ቶሎ ይቀዳል። ቁጥሩ ግን ተለጣፊዋ ላይ አለ፤ ለጓደኞቹ ያሳያል።

ውስጡ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም፤ ይኼም ያስመሰግናል። የኤስኤስዲ ነገር እኮ ለኛ ለጅማዎች ቀላል ነበር፤ የጀበና ነገር ነው። አንዷ የዲስክ ክፍል አንድ ቢት፣ ትንሿን የመረጃ ቅንጣት፣ ብቻ ከያዘች አቦል ናት፤ ወፍራም፣ ውድ፣ እድሜዋ ረጅም። ሁለት ከያዘች ቶና። ሦስት ከያዘች በረካ፤ ቲኤልሲ የሚሏት፣ ለቤት የምትበቃው እሷ ናት። አራት ቢት ሲታጨቅባት ኪውኤልሲ ትባላለች። አራተኛ ዙር ውሃ የተደረገበት ጀበና ማለት ነው፤ እኛ ሀገር ስም እንኳ የለውም። በዚያች ጠባብ ቦታ 16 ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን መለየት ስላለባት ትዘገያለች፤ ቶሎም ታልቃለች። ሳምሰንግ ራሱ ለሁለቱ ዲስኮቹ የሰጠውን ቃል እዩ። ባለ 1 ቴራው 870 ኢቮ በረካው ነው፤ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው። ባለ 1 ቴራው 870 ኪውቪኦ አራተኛው ዙር ነው፤ 360። ይኼኛው በአንድ ትንፋሽ 42 ጊጋ ከጫናችሁበት በኋላ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ያም ከደህና ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። ፎቶ አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ችግር የለውም፤ እኔም ብሆን በርካሽ ካገኘሁት እገዛዋለሁ። ግን አውቄ ነዋ።

ወደ ጋሼ እንመለስ። ሌሊቱን ሙሉ ፋይል ሲገለብጡ አደሩ። በሰከንድ 12 ሜጋባይት። «ትልቅ ዕቃ ቀስ ይላል» አሉኝ ጠዋት፤ ስለ በሬ የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ፣ የአባታቸው ፎቶ፣ የቤቱ ካርታ በስካነር የተነሳው፣ ሁሉም ገባ። ስሙም መጠኑም ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ አጠፉት። ይህን ያደረጉት ከመፈተናቸው በፊት ነው። ጀግና ወደ ኋላ አያይም።

ለመፈተን እኮ መንገዱ አለ፤ በነፃ። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባል ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይሞላና መልሶ ያነበዋል። ክንድን እስከ ክርን ጆንያ ውስጥ እንደ መስደድ ነው። ከላይ የለበሰውን አያምንም፤ ከሥር ዘግኖ ያያል። ሰዓታት ይፈጃል እርግጥ። ጋሼ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥታቸው ቡናው ላይ አልቋል።

በሦስተኛው ቀን ዘመድ መጣና ሠርጉን እንይ ተባለ። ሽምግልናው ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ጉዳያቸውን ተናግረው፣ እሺ ተብለው ወጡ። «ሠርግ» የሚለውን ሲጫኑ አልከፍት አለ። «መልስ» አልከፍት አለ። «ቅልቅል»ም እንዲሁ። ዲስኩ እንደሚለው ከሆነ ልጅቷ ተጠይቃለች እንጂ ገና አላገባችም። ሁለት ልጆች አሏት።

«መብራቱ ነው» አሉ ጋሼ። ሌሊት አንዴ ጠፍቶ ነበር። ግልገል ጊቤ 184 ሜጋዋቱን ይዞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ መብራት መጥፋቱ የራሱ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። በዚህ ጉዳይ ግን መብራት ንጹሕ ነው።

አስፈቅጄ ቢላ ጫፍ ጎኗ ላይ አስገባሁና ከፈትኳት። ውስጧ ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ በሙጫ የተለጠፈች። 64 ጊጋ ይላል። አጠገቧ በድርብ ፕላስተር የተያዘ፣ ጣት የሚያህል ብረት። ብረቱን አንስቼ ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። መዘኑት። ምንም አላሉም። 64 ጊጋዋ ስትሞላ የቀረው ሁሉ ስሙን በር ላይ አስመዝግቦ የትም ሳይገባ ቀርቷል።

ደግነቱ ካሜራማኑ ጋ የሠርጉ ቅጂ ተገኘ። የአባታቸው ፎቶ ግን አልተገኘም። ስለሱ አልቀልድም።

ሻጩ ጋ ተመልሰው ሄዱ። «ጋሼ፣ ፎርማት ያድርጓት» ተባሉ። ዋስትናዋ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ጋ አገኘኋቸው። ከባጃጅ ወረዱ፤ በእጃቸው ትንሽ ጥቁር ፌስታል። ፊታቸው በርቷል።

«ዲስክ ገዛሁ» አሉኝ።

«ጎሽ! ከዚያ ጸጥ ካለው ሱቅ?»

«ኧረ ተወኝ፣ እሱ ሌባ ነው፤ 35 ጊጋ አጉድሎብኝ የለ እንዴ! ሌላ ቦታ ነው። 8 ቴራ ናት።»

ዝም አልኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አታስብ ልጄ፤ አሁንስ ተምሬያለሁ። ኦርጅናል መሆኗን ሁለቴ ነው የጠየቅኩት።»