ማስተካከያ፦ ስለ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የማኅበራዊ ችግር ዝውውር

የአሜሪካ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ከቤተሰብ ላለመራቅ ስለሚያቀርቡት የዝውውር ጥያቄ ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ሠራተኞች ወደ ፊላዴልፊያ ተዛወሩ ብለን ነበር። ስህተት ነው። ማማው እዚያው ኒው ጀርሲ ነው። የተዛወረው ወደ ኒውአርክ የሚቃረቡና ከዚያ የሚነሡ አውሮፕላኖችን በራዳር የሚመራው ክፍል ሲሆን፣ መቀመጫው ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ነበር። ሠራተኞቹ ጎጆ የቀለሱት፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስገቡት እዚያ ነው፤ ርቀቱን አሳንሰን ማቅረብ አልነበረብንም።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያሳስበናል። ወላጅ ወይም ልጅ ታሞበት ዝውውር የተፈቀደለት ተቆጣጣሪ ወዲያው ሥራ እንደሚጀምር ጽፈናል። አይጀምርም። የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው የአዲሱን ቦታ የአየር ክልል፣ የበረራ መስመርና አሠራር እንደገና ተምሮ ብቃቱን እዚያው ማረጋገጥ አለበት። ይህ ወራት፣ ሥራ በሚበዛበት ማዕከል ደግሞ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ የለቀቀው ቦታ ይጎድላል፤ የሄደበትም ገና አልሞላም። ስለዚህ በዚያ ጽሑፍ የዝውውር መልስ መጓተቱን በኃላፊዎች ጭካኔ ብቻ ማመካኘታችን ተገቢ አልነበረም።

አንባቢዎቻችንን፣ ከሁሉ በፊት የዝውውር መልስ በጭንቀት የሚጠብቁትን፣ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።