ለተቻኮለው ስክሪን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ከሕንፃ ግንባር ላይ ለተሰቀሉት ክቡር የማስታወቂያ ስክሪን

ክቡር ሆይ፣

ጤንነትዎን አልጠይቅም፤ ደምቀው ሲያበሩ በየምሽቱ አያለሁ። «ባለ ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት፣ ያለ ደላላ» ይሉና ከሥሩ ስልክ ቁጥር ብልጭ ያደርጋሉ። ወዲያው የሴራሚክ ማስታወቂያ ይተካበታል። ሴራሚኩማ ምን አስቸኮለው! መታጠቢያ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ ደረጃውን እያዟዟረ ያስጎበኘኛል፤ ቤት ለሌለኝ ሰው።

ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው። ዜሮ ዘጠኝን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቀሩት ስምንቱ አራቱን እይዛለሁ። በሚቀጥለው ዙር የቀሩትን እይዛለሁ ስል ዓይኔ በልማዱ ከዜሮ ዘጠኝ ይጀምራል። ፎቶ አንሳው አይበሉኝ፤ ስልኬ የቀረጸው ጥቁር መስመር ብቻ ነው።

ጃጀሁ እንዴ ብዬ ነበር። ለካ ጆርጅ ስፐርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ነገሩን ጨርሶታል። በሦስት መስመር የተደረደሩ 12 ፊደላትን ለሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብልጭ አድርጎ ቢያሳይ፣ ሰዎቹ አራት ወይም አምስት ጠርተው «ሌላውንም አይተነው ነበር፤ ስንጠራ ጠፋብን» አሉ። እሱ አላፌዘባቸውም። ፊደላቱ እንደጠፉ ድምፅ አሰማቸው፦ ቀጭን ከሆነ የላይኛውን መስመር፣ መካከለኛ ከሆነ የመሐሉን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን እንዲጠሩ። የቱ መስመር እንደሚጠየቅ አስቀድመው ሳያውቁ ከመስመሩ አራት ፊደላት ሦስት ያህሉን ጠሩ። ስለዚህ ከሦስቱም መስመር ዘጠኝ ያህል ፊደል ዓይናቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ድምፁ አንድ ሰከንድ ከዘገየ ግን ያ ትርፍ ሁሉ ተኗል። ከምስሉ በኋላ ደማቅ ብርሃን ከመጣ ቶሎ ይደመሰሳል፤ ጨለማ ከተከተለው ሰንበት ይላል።

እርስዎ ደወል የለዎትም። ያለዎት ነጭ ሴራሚክ ነው፤ እሱንም ገና ባልጠራሁት ቁጥር ላይ ይደፉበታል።

ማክሰኞ ማታ ግን ቁጥሩ ብቅ እንዳለ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ቁጥሩ በጨለማው ላይ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የጎደሉኝን አራት አኃዞች ከዚያው ላይ ለቀምኳቸው። በሻማ ብርሃን ወረቀት ላይ ጽፌ ደወልኩ።

ያነሳው ሰው ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰኝም፦ «ያኛው ተይዟል ወንድሜ፤ ሌላ ቤት ላሳይህ፣ የኮሚሽኑን ነገር ስንገናኝ እንነጋገራለን።»

ከአክብሮት ጋር፣
አሁንም ቤት ፈላጊው