ስለ ፅዳት ሰራተኞቹም ይወራ እንጂ

ሆስፒታል ውስጥ ስለሚደርስ ጉዳት የሚያወራ አንድ ጽሁፍ አነበብኩ፣ ታካሚና ሀኪምን ብቻ ነው ያነሳው፣ ጥሩ ነው ግን የፅዳት ሰራተኞቹስ? እኔ ነርስ ነኝ፣ ተረኛ ሆኜ ሳድር በጣም የሚያስፈራኝ ያ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ነው። ሶስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ መነሳት ሲገባው ሌላ ቦክስ የለም እየተባለ እላዩ ላይ እየተጫኑ ይጨምሩበታል፣ መርፌው በአፉ ወጥቶ እየታየ አንዷ የፅዳት ሰራተኛ እናት በስስ ጓንት አቅፋው ትሄዳለች። ሲወጋት ደግሞ ከስራ ያስወጡኛል ብላ ስለምትፈራ በአልኮል ጠረግ ታደርገውና ዝም። ኧረ በናታችሁ! የተወጋ ሰው ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጥቦ ማሳወቅ አለበት፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒቱ በቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ደግሞ በመርፌ ከኤችአይቪ በበለጠ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ክትባት እያለው! ግን እነሱን ማን ያስከትባቸው፣ ሆስፒታሉ የኤጀንሲ ሰራተኛ ናቸው ይላል፣ ኤጀንሲው የሚሰሩት እዛ ነው ይላል፣ መሀል ላይ ሰው ይጎዳል፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ባልደረቦቼ እባካችሁ የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፣ እንዳለ ወደ ቦክሱ። አልጋ ላይ አንሶላ ውስጥም አትርሱት፣ አንሶላውን የምትሰበስበው የፅዳት ሰራተኛዋ ናት። አስታማሚዎችም መሬት ላይ መርፌ ካያችሁ በእጃችሁ እንዳትነኩት፣ ነርስ ጥሩ።